300 ብሩ ምን ይዞ ነበር? የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ ከባሕር ዳር ሲታይ

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር፣ ጥያቄው እኔ ዘንድ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። በባሕር ዳር ከጣና አስጋሪዎች ዓሣ እየተረከቡ ለከተማው የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች ያቋቋሙት ዕቁብ አለ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። በዚያ እሑድ ዕጣ የወጣላቸው፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው እናት ገንዘቡን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ «ልጄ፣ ይህን የቴሌ አክሲዮን ልግዛበት ወይስ ለጀልባው ሞተር ላውለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያች ቀን የሚያጠግብ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ስፈልግ ያሰላሁትን፣ ሽያጩ ከተዘጋ በኋላም የተረዳሁትን በአንድ ጉዳይ መልክ እዚህ አቀርባለሁ። በአዲሱ የካፒታል ገበያ ሕግ ዘመን ለሰፊው ሕዝብ ከቀረቡት ሽያጮች ይህን የሚያህል ስላልነበረ፣ ከዚህ በኋላ አክሲዮን ለሚሸጡም ለሚገዙም የሚተርፍ ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

የቀረበው እና የተሸጠው

የኩባንያው ካፒታል 100 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 100 ብር በተጻፈባቸው 1 ቢሊዮን አክሲዮኖች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ 100 ሚሊዮኑ ለሽያጭ ቀረቡ፤ የአንዱ ዋጋም 300 ብር ሆኖ ተቆረጠ። አንድ ሰው መግዛት የሚችለው ቢያንስ 33 አክሲዮን ማለትም የ9,900 ብር፣ ቢበዛ ደግሞ 3,333 አክሲዮን ማለትም የ999,900 ብር ነበር። ገዢው ኢትዮጵያዊ መሆን ነበረበት፤ ግዢውም የሚፈጸመው በቴሌብር ነበር። ሁሉም ቢሸጥ 30 ቢሊዮን ብር ይሰበሰብ ነበር። ሽያጩ በመጀመሪያ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ይዘጋል ተብሎ ነበር፤ በኋላ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። በመጨረሻ ኩባንያው እንዳስታወቀው 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ተገኘ። ይህም ከቀረበው ከአሥር አንድ እጅ በጥቂቱ የሚበልጥ፣ ከመላው ኩባንያ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነው።

በከተማችን ይህ ውጤት ሲሰማ ሁለት ማብራሪያዎች ይደጋገሙ ነበር። አንዱ «ሕዝቡ ገንዘብ የለውም» የሚል፣ ሌላው «ሕዝባችን ስለ አክሲዮን አያውቅም» የሚል ነው። ሁለቱንም አልቀበልም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ የተቋቋመው ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን አሰባስቦ ነው፤ ከእነርሱ መካከል የኛ ዕቁብ አባላት ጥቂት አይደሉም። ከዚያ ቀደም የአባይ ባንክን አክሲዮን የገዙም አሉ። አክሲዮን ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ለአክሲዮን ገንዘብ አውጥቶ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። እንግዲያውስ ምክንያቱን በራሱ በዋጋው ውስጥ፣ ዋጋው ይዞት በመጣውና ሳይዝ በቀረው ነገር ውስጥ መፈለግ ይገባል።

የተጻፈውና የተጠየቀው ዋጋ

እስካሁን ድረስ በአገራችን አዲስ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ሲቋቋም አክሲዮን የሚሸጠው ላዩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፤ ገዢው ለማቋቋሚያ የሚሆን መጠነኛ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። በዚህ መንገድ ለአንድ ትውልድ ያህል አክሲዮን ሲገዛ የኖረ ሰው ዋጋ የመተመን ልምድ አላዳበረም፤ መተመን አላስፈለገውምና። 1,000 ብር ከተጻፈበት 1,000 ብር ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ትርፍ እስኪከፋፈል ይጠብቃል። ስለዚህ 100 ብር የተጻፈበት ወረቀት በ300 ብር ሲቀርብለት የመጀመሪያው ስሜቱ ሦስት እጥፍ ተጠየቅሁ የሚል ነበር። በዕቁባችንም መጀመሪያ የተነሣው ቃል ይኸው ነው፤ አንድ አባል «መቶ ብሩ ላዩ ላይ ተጽፎ እያየሁት ሁለት መቶውን ለማን ነው የምከፍለው?» አለ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ሆኖም በተጻፈው ዋጋ ብቻ መለካት ያሳስታል። የተጻፈው ዋጋ ካፒታሉ ሲመዘገብ የተወሰነ የሒሳብ ቁጥር እንጂ ኩባንያው የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። መለኪያው ትርፉ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢና 21.8 ቢሊዮን ብር ገደማ ትርፍ አስታውቆ ነበር። ይህን ትርፍ ለ1 ቢሊዮን አክሲዮን ብናካፍለው ለአንዱ ወደ 22 ብር ይደርሰዋል። 300 ብር ከፍሎ 22 ብር የሚያተርፍ አክሲዮን መግዛት ማለት የዓመቱን ትርፍ 14 ጊዜ አጥፎ መክፈል ማለት ነው። በሌላ ወገን ሲታይ፣ ኩባንያው ያተረፈውን ሁሉ አንድ ሳንቲም ሳያስቀር ቢያከፋፍል እንኳ ገዢው በዓመት የሚያገኘው 7 በመቶ ከጥቂት ነው። በወቅቱ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድም 7 በመቶ ነበር። የትኛውም ኩባንያ ደግሞ ትርፉን በሙሉ አያከፋፍልም፤ በተለይ በየዓመቱ አዳዲስ ማማዎች የሚተክልና መሣሪያውን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የቴሌኮም ድርጅት ሊያደርገው አይችልም።

ይህ ማለት ዋጋው ውድ ነበር ማለት አይደለም። 14 እጥፍ በዓለም ላይ ያልተሰማ ልክ አይደለም፤ ኩባንያው በፍጥነት ካደገ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሽያጩ በኋላ በወጣው የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ገቢው 162 ቢሊዮን ብር ገደማ መድረሱ ተገልጿል። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ የ300 ብሩ ገዢ ዛሬ ያለውን ሳይሆን ነገ ይመጣል የተባለውን ዕድገት ነበር የገዛው። ነገ ይመጣል ለሚባል ነገር አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይሻል፤ ቢሳሳት መውጫ በር፣ ስለሚሸከመው ሥጋት ደግሞ ቅናሽ። በዚህ ሽያጭ ሁለቱም በሚገባ አልቀረቡለትም።

መውጫ በር

እቴቴ በማለዳ ሐይቁ ዳር ወርደው ቀረሶና አምባዛ ሲረከቡ የሚከፍሉት ዋጋ ከአንድ ነገር ጋር የተሳሰረ ነው፤ ያን ዓሣ ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚሸጡት ከማወቃቸው ጋር። ሆቴሎቹ ይቀበላሉ ተብሎ በታወቀበት ቀን ጥሩ ዋጋ ይከፍላሉ። ጾም ሲገባ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ እንግዳ በሌለበት ሰሞን፣ ያው ዓሣ፣ ያው ክብደት፣ ከዚያው ሐይቅ የወጣ ሆኖ ሳለ ዋጋውን ያወርዱታል። ዓሣው አልተበላሸም፤ የመሸጡ ነገር ግን አጠራጣሪ ሆኗል። የፋይናንስ ምሁራን ብዙ ገጽ የጻፉበትን ነገር እቴቴ በየጠዋቱ ይሠሩበታል፤ ሊሸጥ የማይችል ንብረት ከሚሸጠው ንብረት ያነሰ ዋጋ አለው።

አሁን ቀኖቹን እንመልከት። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ ባለሥልጣኑም ተቋቁሞ ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው ግን ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ነበር። የቴሌኮሙ ሽያጭ መዝጊያ ተብሎ የታወጀው ታኅሣሥ 25 ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ሕዝቡ ገንዘቡን ከፍሎ እንዲጨርስ የተጠየቀው አክሲዮኑ ነገ የሚሸጥበት ገበያ ከመከፈቱ ከሳምንት በፊት ነው። ገዢው ገበያው እንደሚቋቋም ተነግሮታል፤ አላየውም ግን። በጥቅምት ወር 300 ብር የከፈለ ሰው መቼ፣ በማን በኩል፣ በምን ዓይነት ክፍያ እንደሚሸጥ በእጁ የጨበጠው ነገር አልነበረም። በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠው ድክመት ይህ ነው፤ የኩባንያው ትርፍ፣ የሕዝቡ ድህነት፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ዋጋው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው 300 ብር ሆኖ ቆየ። ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 አራት ወር ነው። ሽያጩ በተጀመረበት ሰሞን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ወደ 17 በመቶ ነበር፤ ከዚያም ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ የነበረ በመሆኑ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋው የማይለወጥን ነገር ነገ መግዛት ዛሬ ከመግዛት ይሻላል። ቀድሞ የገዛ የሚጠቀመው ነገር ከሌለ፣ አክሲዮኑም አያልቅም ተብሎ ከታሰበ፣ አስተዋይ ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ይጠብቃል፤ መጨረሻው ቀን ሲራዘም ደግሞ ጥበቃው ልክ እንደነበረ ይረጋገጥለታል። የዕቁባችን አባላትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማራዘሙ ገዢ ያመጣል ተብሎ የተደረገ ቢሆንም «አልተሸጠም ማለት ነው» የሚለውን ወሬ በየቤቱ አደረሰው።

በእኛ በኩል ደግሞ የአካባቢው ሁኔታ አለ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ሽያጩ በስልክ መተግበሪያ ሲጀመር በባሕር ዳር ብዙ ነጋዴ ገና ወደ ጥሬ ገንዘብና ወደ ዕቁብ ተመልሶ እንደነበረ ማሰብ ይገባል፤ ገንዘቡንም በእጁ ቅርብ አድርጎ መያዝ ይፈልግ ነበር።

ስንት ሰው ያስፈልግ ነበር?

ይህን ስሌት የሠራሁት ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ለእቴቴ የምነግራቸው ይበዛ ነበር። 100 ሚሊዮን አክሲዮን በዝቅተኛው መጠን ማለትም በ33 በ33 ቢሸጥ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ገዢ ያስፈልጋል። በከፍተኛው መጠን ቢሸጥ ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጡ 30 ሺህ ሰዎች ይበቃሉ። የመጣው 47,377 ሰው ነው፤ በከፍተኛው መጠን ለመሸጥ ከሚበቃው 30 ሺህ የሚበልጥ። ሆኖም አማካይ ግዢው 226 አክሲዮን፣ ማለትም 68 ሺህ ብር ገደማ ሆነ። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ጥቂት ሺህ ብር ያለው ሕዝብ በብዛት መጥቶ ቢሆን አማካዩ ወደ 9,900 ብር በተጠጋ ነበር። ባለሀብቶቹ ሙሉ በሙሉ አምነው ቢገቡ ደግሞ ወደ ሚሊዮኑ በቀረበ ነበር። የመጡት በመካከል ያሉ ናቸው፤ ደሞዝተኛው፣ መካከለኛው ነጋዴ፣ ቁጠባ ያለው ቤተሰብ፤ እነርሱም በጥንቃቄ ነው የመጡት።

ያልመጡት እነማን እንደሆኑ ማየትም ያስፈልጋል። በሌሎች አገሮች ትልልቅ የአክሲዮን ሽያጮችን የሚሸከሙት የጡረታ ፈንዶች፣ ኢንሹራንሶችና የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ናቸው። እነርሱ ሰነዱን የሚመረምር ባለሙያ አላቸው፤ አስቀድመው ይህን ያህል በዚህ ዋጋ እንገዛለን ሲሉም የሚሰጡት ቃል ለሻጩ ዋጋ መፈተኛ፣ ለትንሹ ገዢ ደግሞ መተማመኛ ይሆናል። የአንድ ገዢ ጣሪያ 3,333 አክሲዮን በሆነበት ሽያጭ ለእነርሱ ቦታ የለም። ጣሪያው የተቀመጠው ባለቤትነቱ በጥቂቶች እጅ እንዳይገባ ነው፤ ዓላማውን አከብራለሁ። ነገር ግን ዋጋውን የሚፈትን አካልም አብሮ ከበሩ ውጭ ቀረ። የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ ለመቋቋሚያ 625 ሚሊዮን ብር ጠይቆ ከባንኮችና ከሌሎች ተቋማት ከ1.5 ቢሊዮን ብር በላይ ማግኘቱ በአገሪቱ ውስጥ ተቋማዊ ገንዘብ እንዳልጠፋ ያሳያል።

ናይሮቢ፣ በዚያው 14 እጥፍ

ለማወዳደር ከሁሉ የሚቀርበን የኬንያው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም ነው። የኬንያ መንግሥት በፈረንጆች 2008 ከኩባንያው 25 በመቶውን፣ 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ በ5 ሽልንግ ዋጋ ለሕዝብ አቀረበ። ኩባንያው በጠቅላላው 200 ቢሊዮን ሽልንግ ተተምኖ ነበር ማለት ነው፤ የዓመቱ ትርፍ ወደ 14 ቢሊዮን ሽልንግ ስለነበር ዋጋው እዚያም 14 እጥፍ ገደማ ነበር። ልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ውጤቱ ግን የተራራቀ ሆነ፤ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፣ የተጠየቀውም ከቀረበው አምስት እጥፍ በላይ ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ከ1954 ጀምሮ ነበረ። ባንኮች ለአክሲዮን መግዣ ያበድሩ ነበር። ከሁሉም በላይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በ11.90 ሽልንግ የተሸጠው የመብራት ኃይል አመንጪው ኬንጄን አክሲዮን ገበያ በገባበት ቀን ከሦስት እጥፍ በላይ ሲወጣ ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። ያ ሽያጭ ዋጋው እጅግ ዝቅ ብሎ ስለነበር መንግሥት ብዙ ገንዘብ አጥቷል፤ ነገር ግን ለቀጣዩ ሽያጭ ገዢ ገዝቶበታል።

የሳፋሪኮም ገዢዎች ግን የጠበቁትን ወዲያው አላገኙም። አክሲዮኑ ሰኔ 2008 ላይ ገበያ ሲገባ ከ7 ሽልንግ በላይ ቢወጣም በዚያው ዓመት ከ5 ሽልንግ በታች ወረደ፤ ከመሸጫ ዋጋው በላይ ጸንቶ ለመቆም ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ነው በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ የደረሰው። ተበድሮ ገዝቶ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠ ከሰረ፤ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ አሥር ዓመት የጠበቀ አተረፈ። የአንድ ሽያጭ ስኬት በመጀመሪያው ቀን በተሰለፈው ሕዝብ ብዛት ወይም በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ስለ ቅናሽ

በአሜሪካ ከ1980 ወዲህ አዲስ ኩባንያ ገበያ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን አክሲዮኑ ከተሸጠበት ዋጋ በአማካይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል ሲጨምር ቆይቷል። ሻጩ ለምን ይህን ያህል ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይሄዳል? በ1986 የፋይናንስ ምሁሩ ኬቪን ሮክ የሰጠው መልስ በእኛ ጉዳይ ላይ በትክክል ያርፋል። ነገሩን የሚያውቁ ገዢዎች ጥሩውን አክሲዮን ይሻሙበታል፤ የማያውቀው ሰው ከጥሩው ጥቂት ብቻ ይደርሰዋል። መጥፎው ሲመጣ አዋቂዎቹ ይሸሹና የጠየቀው ሁሉ ይሰጠዋል። ስለዚህ የጠየቅሁት ሁሉ ያለ ሽሚያ ከተሰጠኝ ልደነግጥ ይገባኛል። ይህን የሚያስብ ተራ ገዢ ወደ ገበያ እንዲመጣ ከተፈለገ ዋጋው ከግምቱ ዝቅ ማለት አለበት። በኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ሁሉም የጠየቀውን አገኘ፤ ሽሚያ አልነበረም፤ ያለ ሽሚያ መገኘቱም ለሌላው ማመንቻ ሆነ።

መንግሥት ሻጭ በሚሆንበት ጊዜ ቅናሹ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ በ1984 ብሪቲሽ ቴሌኮምን ስትሸጥ ዋጋውን 130 ፔንስ አድርጋ ገዢው መጀመሪያ 50 ፔንስ፣ ቀሪውን በኋላ በየጊዜው እንዲከፍል ፈቀደች፤ በመጀመሪያው ቀን 50 ፔንስ የተከፈለበት ወረቀት 93 ፔንስ ዋለ። መንግሥቱ ዋጋ አርክሶ ሸጠ ተብሎ ተወቅሷል፤ ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ባለአክሲዮን አድርጓል። የክፍያው መንገድ ደግሞ ለእኛ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ 9,900 ብር በአንድ ጊዜ ከሚጠየቅ ለአንድ ዓመት በክፍልፋይ ቢጠየቅ ይቀለዋል፤ ባንኮቻችን ሲቋቋሙ አክሲዮን በከፊል ክፍያ መሸጣቸውም የታወቀ ነው።

በእኔ አስተያየት በ300 ብር ሦስት ሚሊዮን አዳዲስ ባለአክሲዮኖችን ከመጠበቅ ይልቅ፣ ገበያው ተከፍቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ለትንሹ ገዢ ቅናሽና የክፍልፋይ ክፍያ ተሰጥቶ፣ ከድርሻው 3 ወይም 4 በመቶው ብቻ ቢቀርብ ይሻል ነበር። ትንሽ አክሲዮን ቀርቦ ሲሻሙበት የሚገኘው ዋጋ ቀሪውን 6 ወይም 7 በመቶ በኋላ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ያስችላል። አሁን ግን ቀሪውን 90 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ለመሸጥ የሚሞክር ሁሉ 300 ብር ላይ ያልተገዛ አክሲዮን መሆኑን ሕዝቡ እያወቀ ይጀምራል።

እቴቴ ምን አደረጉ

የዋጋውንና የትርፉን ስሌት ይዤ የሄድሁት ሽያጩ ከተራዘመ በኋላ ነው። የነገርኋቸው ይህ ነው፦ ኩባንያው ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም እብድ ዋጋ አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ገንዘብ ለሦስትና ለአራት ዓመት አይመለስም ብለው ያስቡት፤ ሞተሩ በሚያመጣው ገቢ አይለውጡት። አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ስንት ሲገባ ነው አተረፍሁ የምለው?» ንረቱ በዓመት 17 በመቶ ከቀጠለ 300 ብሩ አቅሙን እንዳለ እንኳ ለመያዝ ከአንድ ዓመት በኋላ 351 ብር መሆን እንዳለበት፣ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ካለም እሱን ደምረው እንዲያዩት አስረዳኋቸው።

ሞተሩን ገዙ። ከተረፋቸው ላይ በጥር መጨረሻ 33 አክሲዮን በልጃቸው ስልክ ገዙ። ከዕቁቡ 24 አባላት የገዙት አምስት ናቸው፤ አምስቱም ዝቅተኛውን። በዕቁቡ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ የአምስቱን የግዢ ቀን፣ 300 የሚለውን፣ ከጎኑም በየዓመቱ መድረስ ያለበትን ቁጥር የጻፍሁበት ሰንጠረዥ አለ። የመጀመሪያው መስመር 351 ይላል፤ ሁለተኛው 411፤ ሦስተኛው 480። ከጎናቸው ያለው ዓምድ ገበያው የሚሰጠው ዋጋ የሚሞላበት ነው።